የፖስታ ማኅተም ማንበብ የሚችል ሰው ይርዳኝ፤ የአባቴን ደብዳቤዎች ዓመት እየፈለግኩ ነው

ልጅት_ከጉለሌ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

እናቴ ዘንድ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ውስጡ አባቴ ኦዴሳ ሲማር የጻፈላት ደብዳቤዎች ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ 31 ናቸው። አባቴ ካረፈ 6 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ቆርቆሮውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርደን ከፈትነው። በቅደም ተከተል ላስቀምጥላት ብዬ ተነሣሁ።

ችግሩ፣ አባቴ ቀንና ወር እንጂ ዓመት አይጽፍም። «ሚያዝያ 7 ቀን» ይልና «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይቀጥላል። የየትኛው ዓመት ሚያዝያ? እናቴም አታስታውስም።

ዓመቱን ከፖስታው ማኅተም ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ ቴምብር ይሰበስብ ነበር። የፖስታዎቹን የቀኝ ጥግ በመቀስ እየቆረጠ ወስዶታል። ከ31ዱ ሳይነኩ የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። እነሱ ላይ ፊት ለፊት ክብ ማኅተም አለ፤ ጽሑፉ በሩሲያ ፊደል ነው። ሁለቱ ላይ ደግሞ ከጀርባም ሌላ ክብ አለ። ቀኖቹ አይመሳሰሉም። የትኛው የምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?

ጡረተኛው_ፖስተኛ፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትሽን ነፍስ ይማር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ 28 ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ማኅተም በመምታት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄሽ የእኔ ሰፈር ነው።

ፊት ለፊት ያለው ክብ የተላከበት ከተማ ማኅተም ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው፣ ቴምብሩ ተልጦ ዳግመኛ እንዳይለጠፍ ያበላሸዋል። ሁለተኛው፣ ደብዳቤው ከየትና መቼ እንደተነሣ ይናገራል። ዙሪያውን የከተማው ስም፣ መሐል ላይ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ከዓመቱ አጠገብ ሌላ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ካየሽ ሰዓቱ ነው፤ የሶቪየት ማኅተሞች ላይ ይህ የተለመደ ነበር።

ከጀርባ ያለው የመድረሻ ማኅተም ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ የምንመታው እሱን ነው። በተለይ አደራ ደብዳቤ ከሆነ፣ ሪኮማንዴ የምንለው፣ ከጀርባው ሳይመታ አያልፍም። ምክንያቱም ቢጠፋ ወይም ቢዘገይ የት ጋ እንደቆመ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ቀኖቹ የማይመሳሰሉት ተሳስተው አይደለም። አንደኛው መነሻው፣ ሌላኛው መድረሻው ነው። በመሐል ያለው ልዩነት መንገዱ ላይ የቆየበት ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። የተቆረጡትን ፖስታዎች በሙሉ ገልብጪያቸው። ወንድምሽ የወሰደው ጥጉን ነው። የጀርባው ማኅተም ግን ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ወይም ወደ ታች ነው የሚያርፈው። በአደራ የተላኩት ላይ ታገኚዋለሽ።

ማኅተሙን እንዴት እንደምንመታ ደግሞ ልንገርሽ፣ ይጠቅምሻል። ማኅተሙ የእንጨት እጀታ ያለው ብረት ነው። የቀኑ ቁጥሮች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ጠዋት ስንገባ የመጀመሪያው ሥራ የትናንቱን ቀን አውጥቶ የዛሬውን መክተት ነው። ከዚያ ባዶ ወረቀት ላይ አንዴ መትተን እናያለን። 6 ቁጥር ተገልብጣ ከገባች 9 ሆና ነው የምትውለው። የዚያ ቀን ደብዳቤ ሁሉ ውሸታም ሆነ ማለት ነው። ካየን በኋላ አንዴ ቀለሙ ላይ፣ አንዴ ፖስታው ላይ፤ ጠቅ ጠቅ እያልን እንቀጥላለን። እጅ ሲለምደው ዓይን እንኳ አያስፈልገውም። ጥሩ መቺ የክቡን ግማሽ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። እንዲህ ከሆነ ቴምብሩን ልጦ ሌላ የሚለጥፍ ሰው መስመሩን ማጋጠም አይችልም።

ቴምብር_ወዳድ፦

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ የምጨምረው ትንሽ ታሪክ ነው፤ ከጉዳዩ ጋር ስለሚሄድ።

የቀን ማኅተም ከቴምብር በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1661 የእንግሊዝ ፖስታ ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ቢሾፕ ነው ያስጀመረው። ሰዉ «ደብዳቤያችን ይዘገያል፣ አመላላሾቹ ይዘው ይቆያሉ» እያለ ያማርር ነበር። እሱ ደብዳቤው ፖስታ ቤት የገባበት ቀን እንዲመታበት አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ይዞ የሚቆይ ሰው ይታወቅበታል። ትንሽ ክብ ናት፣ ለሁለት የተከፈለች። ግማሿ ላይ የወሩ ምልክት፣ ግማሿ ላይ ቀኑ። ዓመት የላትም፤ ልክ እንደ አባትሽ። ማኅተም የተወለደው ሠራተኛውን ለመቆጣጠር ነው ማለት ነው፤ ቴምብር ገና አልተፈጠረም።

ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ ውስጥ ሲመጣ ማኅተሙ ያን ሁለተኛ ሥራ ያዘ። የመጀመሪያው ቴምብር ጥቁር ነበር፣ ማኅተሙ ደግሞ ቀይ መስቀል። ሰዎች ቀዩን ቀለም አጥበው ቴምብሩን መልሰው ይጠቀሙበት ጀመር። በዓመቱ ገለበጡት፤ ማኅተሙን ጥቁር፣ ቴምብሩን ቀይ አደረጉት።

የእኛው ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ 7 ዓይነት ቴምብር ፓሪስ ታትሞ መጣ። በአራቱ ላይ የንጉሡ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው። ጽሑፉ አማርኛ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ አይሠራም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ እዚህ የምኒልክ ቴምብር ተለጥፎበት ይመታል። ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሣዮቹ ቴምብር ይጨመርበትና የጅቡቲ ማኅተም ይመታል። አንድ ፖስታ ላይ ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ማኅተም። ባቡሩ ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ያ ደብዳቤ በእግረኛ፣ በበቅሎና በግመል ነው የተጓዘው። ቀኖቹን ካነበብክ ጉዞውን ትቆጥረዋለህ።

ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች ሙሉ ፖስታ የሚፈልጉት። የምኒልክ ቴምብር ብቻውን ገበያ ላይ አይጠፋም። በትክክል ተጉዞ የሐረር ማኅተም ያረፈበት ሙሉ ፖስታ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድምሽ ልጅ ስለነበር አልፈርድበትም፤ እኔም በልጅነቴ ብዙ ፖስታ በመቀስ አጥፍቻለሁ። አሁን ግን ማንም እንዳይቆርጥ እለምናለሁ። የተረፉትን 4 በውኃም በእንፋሎትም እንዳትነኪያቸው።

ዮኒ_የካ፦

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን አሁን ደብዳቤ የሚልክ ሰው አለ? ማኅተም ዛሬ ለምን ይጠቅማል? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ዮኒ ወንድሜ፣ እኔን ጠይቀኝ። እዚህ አሜሪካ ማኅተም አሁንም ገንዘብ ነው።

የግብር ወረቀት በፖስታ የምትልክ ከሆነ፣ ኤፕሪል 15 የተመታበት ፖስታ ቢዘገይ እንኳ በጊዜው እንደገባ ይቆጠራል። ሕጉ የሚያየው የማኅተሙን ቀን ነው። እኔ አንድ ዓመት በመጨረሻው ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ መንገድ ዳር ያለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጨመርኩት። ሳጥኑ ላይ የመጨረሻው የመሰብሰቢያ ሰዓት ተጽፏል፣ አላየሁትም። የዕለቱ ተሰብስቦ አልፏል። ፖስታዬ የተመታው በነጋታው ነው። ከወራት በኋላ የቅጣት ደብዳቤ መጣ። በኪሴ ይዤው ስዞር የዋልኩት ወረቀት ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ፖስታ ቤት ብገባ አልቆ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ከዲሴምበር 24 ቀን 2025 ጀምሮ በደንቡ ላይ በግልጽ አስፍሮታል። ማሽኑ የሚመታው ቀን ፖስታውን ከአንተ የተቀበሉበት ቀን ላይሆን ይችላል። ደብዳቤው ሰፈርህ አይመታም፤ ራቅ ወዳለ ትልቅ መለያ ማዕከል ተጭኖ ሄዶ እዚያ ነው የሚመታው። ስለዚህ ቀነ ገደብ ያለው ነገር ስትልክ መስኮቱ ጋ ሂድና «እዚሁ በእጅ ምቱልኝ» በል። ክፍያ የለውም። ዓይንህ እያየ ቀኑን ይመቱልሃል። ከተቻለ ደግሞ ደረሰኝ ባለው መንገድ ላክ።

የኢሚግሬሽን ወረቀት ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። እዚያ የሚቆጠረው ማኅተሙ ሳይሆን እጃቸው የገባበት ቀን ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ የአገሬ ልጆች አይቻለሁ።

የዲቪ_ዘመን_ልጅ፦

ስለ «እጃቸው የገባበት ቀን» ስታነሣ ዲቪ ትዝ አለኝ። ዛሬ ያለው ልጅ በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚያውቀው። እስከ ዲቪ 2004 ድረስ ግን በፖስታ ነበር። በኢንተርኔት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ላይ፣ በዲቪ 2005 ነው።

ፖስታው መጠኑ የተወሰነ ነበር፤ ከፊቱ በስተግራ ከላይ የትውልድ አገር፣ ስም፣ አድራሻ ይጻፋል። ፎቶ ይለጠፋል። መድረስ ያለበት በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ነው። ቀድሞ ቢደርስ ይጣላል፤ ዘግይቶ ቢደርስም ይጣላል። እዚህ መቼ እንደተመታ አይጠየቅም። በአደራ መላክም አይፈቀድም፣ ተራ ፖስታ ብቻ። ሰው ማስረጃ የለውም፤ ሳጥኑ ውስጥ ከጨመረ በኋላ በጸሎት ነው።

አክስቴ ዋናው ፖስታ ቤት ይዛኝ ሄዳ፣ ጨምሬ ስመለስ «ማኅተሙን ሲመቱት አየህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁም ስላት ተመልሰን ቆመን ጠበቅን። ማን ያሳየናል! እሷ ግን እስኪመታ ድረስ የተላከ አልመሰላትም።

እትዬ_ጅዳ፦

እኔ ደግሞ ማኅተም የሌለውን ልንገራችሁ። ጅዳ በነበርኩበት ጊዜ ደብዳቤ በፖስታ የላክሁት ጥቂት ነው። አገር የምትገባ ልጅ ካለች በእጅዋ ነበር። ፖስታው ላይ «በእህት እጅ ለእናቴ ይድረስ» ብቻ። ውስጡ ትንሽ ገንዘብ፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ። አሁን እናቴ ቤት ሄጄ ሳገላብጣቸው የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አላውቅም። መነሻ የለው፣ መድረሻ የለው። በፎቶው ላይ በለበስኩት ልብስ ነው የምለየው። ይህን ጽሑፍ ሳነብ አዘንኩ። ልጅቷ ዕድለኛ ናት።

ልጅት_ከጉለሌ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሁሉንም ገለበጥኳቸው። ከተቆረጡት 27 ውስጥ 9ኙ ከጀርባ የአዲስ አበባ ማኅተም አላቸው፤ በአማርኛም በላቲንም ተጽፏል። እውነትም በአደራ የተላኩ ናቸው፤ የተቆጠረ ቁጥር ያለው ትንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል።

ሚያዝያ 7 ያልኳችሁም አንዷ ናት። ከጀርባዋ 11-5-83 ይላል። ግን ግራ ገባኝ። ይህ 1983 ዓ.ም. ነው እንዳልል አባቴ ያኔ ተመልሷል። 11 ቀን፣ 5ኛ ወር ማለትስ ጥር 11 ነው? ውስጡ ሚያዝያ እያለ?

እትዬ፣ አይዞዎት። የእርስዎም በልብሱ ይለያል፤ ጊዜ ወስደው ይሞክሩት።

ቴምብር_ወዳድ፦

እህቴ፣ በእጅሽ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሜይ 11 ቀን 1983፤ በእኛ ግንቦት 3 ቀን 1975። አባትሽ የጻፈው ሚያዝያ 7 ደግሞ ኤፕሪል 15 ነው። 26 ቀን ወስዶበታል። በጊዜው ለአደራ ደብዳቤ ብዙ የሚባል አይደለም።

ሌሎቹን ስታሰሊ አንድ ነገር ልብ በይ። ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ቀኖች አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋሉ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች፣ ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ለምሳሌ የ1980 መስከረም እንዲያ ነው። ጥቅምት 3 ብሎ ከጻፈ በሌላው ዓመት ኦክቶበር 13 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት 14 ነው። መጋቢት ላይ ይስተካከላል። ሚያዝያ ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስለዚህ የዚህችኛዋ ስሌት አይጠረጠርም።

ልጅት_ከጉለሌ፦

ግንቦት 3 ቀን 1975?

እኔ የተወለድኩት ጥር 27 ቀን 1975 ነው። ክርስትና የተነሣሁት በ80 ቀኔ፣ ሚያዝያ 16 ነው። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። «ሴት ልጅ መውለድሽን በቴሌግራም ሰማሁ። ስሟን ናፍቆት በያት» ይላል።

የእኔ ስም ናፍቆት አይደለም። እናቴ ዕድሜ ልኳን የምትለው «አባትሽ ስም እንኳ ሳያወጣልሽ ክርስትና ደረሰ፤ እኔው አወጣሁ» ነው። አባቴ ደግሞ «ጽፌ ነበር» ይላል። እሷ «ከደረሰ በኋላ ነው የጻፍከው» ትለዋለች። እኔ ፊት ስንት ጊዜ ተባባሉ። ዓመቱ ስለማይታወቅና ፖስታው ስለተቆረጠ ማን ትክክል እንደሆነ የሚያሳይ አልነበረም።

ውስጡ ሚያዝያ 7 ይላል፤ ከክርስትናው 9 ቀን በፊት። እናቴ ግን ይህንንም አሳየኋትና «ቀኑን ወደ ኋላ ጽፎት ይሆናል፤ እሱን አታውቂውም» አለችኝ።

ጡረተኛው_ፖስተኛ፦

ልጄ፣ አባትሽ የጻፈውን ቀን እናትሽ ላታምን ትችላለች። የኦዴሳን ማኅተም ግን አባትሽ አልመታውም።

ያ ማኅተም ወንድምሽ ዘንድ ነው ያለው። ቴምብሮቹን ጥሏቸዋል ወይስ አስቀምጧቸዋል? ካሉ፣ እያንዳንዳቸው ላይ የክቡ ግማሽ አለ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ፖስታው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠበትን ጠርዝ በደንብ ብርሃን ላይ እዪው። የቀለም ቅስት ይታይሻል? ቅስቱ ላይ ያሉትን ፊደሎችና ቁጥሮች ጻፊልኝ።

ልጅት_ከጉለሌ፦

ቅስት አለ! የተቆረጠው ጠርዝ ላይ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጭን ናት። ከውስጧ «18» ይታያል። ከዚያ በስተቀኝ ተቆርጧል።

ወንድሜ ዴንቨር ነው። አልበሙ አብሮት አለ። ደወልኩለት። ሲሰማ ደነገጠ፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለኝ። ዛሬ ማታ ከሥራ ሲመለስ ያየዋል።

ቴምብር_ወዳድ፦

ንገሪው፣ ምንም እንዳይነቅል። ወረቀቱ ጀርባው ላይ ካለ ከነወረቀቱ ይተወው። ባለበት ፎቶ ያንሣ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ። አንቺም ፖስታውን በተመሳሳይ መንገድ አንሺው። መጠኑን አመሳስለሽ ብታትሚያቸው ይገጥማሉ።

ልጅት_ከጉለሌ፦

ሦስት ቀን ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

ወንድሜ 22 ቁራጭ አገኘ። አብዛኞቹ ከነወረቀታቸው ናቸው። ሁሉንም ከማስመሪያ ጋር አንሥቶ ላከልኝ። አሳትሜ በመቀስ ቆራረጥኩና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። አንድ በአንድ ከፖስታዎቹ ጠርዝ ጋር ማስጠጋት ጀመርኩ። አንዱ ቅስቱ ይሰፋል፣ አንዱ ቀለሙ ይደምቃል። 14ኛው ላይ ደረስኩ። የመቀሱ መንገድ መሐል ላይ ትንሽ ተጣሟል፤ የልጅ እጅ ነው። የፖስታውም ጠርዝ እዚያው ጋ ተጣሟል። ሳስጠጋው ክቡ ተዘጋ። ዙሪያውን የከተማው ስም፣ መሐል ላይ 18 4 83፣ ከጎኑ 14።

ኤፕሪል 18፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በእኛ። ሚያዝያ 10 ቀን 1975። ከክርስትናዬ 6 ቀን በፊት።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ የኦዴሳውን በጣቷ ዞረችበት። ከዚያ ፖስታውን ገልብጣ የአዲስ አበባውን አየች። ቀኖቹን በእኛ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እኔ ስቆጣው ለካ መንገድ ላይ ነበር» አለች። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። እስካሁን ወደ ቆርቆሮው አልመለሰችውም።

ጡረተኛው_ፖስተኛ፦

እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ጠዋት ኦዴሳ ላይ ቁጥሩን በደንብ የከተተውን ሰው አመሰገንኩት፤ አዲስ አበባ ላይ የመታውንም።

ሌሎቹን 18ቱን መቼ እናያቸዋለን? ከጀርባቸው ምንም የሌላቸውን አምጪያቸው። ቅስት ያላቸውን ለይተሽ ፎቶ አንሺልኝ፤ እኔ ቤት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።